ለቀኝ ክንፍ የመጡ ሽማግሌዎች

ትናንት ዓርብ ከጉልት ገብቼ በቀትር ጋደም ባልኩበት ዓለም ሁሉ ተገልብጣ አየኋት።

ሕልሙ እንዲገባ ግን አስቀድሜ ልጄን ላስተዋውቅ። ረድኤት ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ራግቢ ትጫወታለች። ራግቢ ማለት እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ ነው። ኳሷን የያዘችውን ልጅ ሌሎቹ ወገቧን ይዘው መሬት ላይ ይጥሏታል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ነው። ኳሷን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ወደ ፊት መሄድ የፈለገች ከኋላዋ ላለችው ታቀብላለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ "ታዲያ እንዴት ትደርሳላችሁ?" ብያት ነበር።

"እየሮጥን ነዋ፣ እማዬ" አለችኝ።

ነገ እሁድ ጃንሜዳ ላይ ከኬንያ ሴቶች ጋር ይጫወታሉ። የሚሰለፉት አሥራ አምስት ልጆች የሚታወቁት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። ረድኤት በቀኝ ክንፍ፣ በ14 ቁጥር ለመሰለፍ ሦስት ዓመት ለፍታለች። ለዚያ ቦታ የምትፎካከራት ሌላ ልጅ አለች፤ ከእሷ ትከብዳለች፣ ከእሷ ግን ትዘገያለች። አሰልጣኙ ሁለቱን እያፈራረቀ ሲያሰልፍ ከረመ። ኬንያዎች በሩጫ ከመጡ ረድኤት ትሻላለች፣ በጉልበት ከመጡ ያቺ ትሻላለች ይላሉ። ረድኤት ማታ ማታ በእራት ሰዓት ማንኪያና ጨው ዕቃ እየደረደረች ይህን ሁሉ ታስረዳኛለች። ጨው ዕቃው ሁልጊዜ እሷ ናት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ግን በልምምድ ላይ ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላየም። እሷም ተነስታ፣ እጇን ሹራቧ ውስጥ ከትታ፣ በእግሯ ቤት መጣች። ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳትና ቦታው መለሱላት። "አርባ ቀን ከባድ ነገር እንዳትነካ" አሉኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ አቆመችኝ።

"እማዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። በእኔ ሞት።"

ልጅ "በእኔ ሞት" ካለች በኋላ እናት ምን ትናገራለች? ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን በአፌ ነው እንጂ በሆዴ ስጮህ ነው የከረምኩት። ብናገር የሦስት ዓመት ልፋቷን እኔ ቀማኋት። ባልናገር ደግሞ ሲጥሏት ቁጭ ብዬ ላያት ነው። ትናንት ጋደም ያልኩት ይህን ይዤ ነበር።

በሕልሜ እንደ ወትሮው ጉልቴ ላይ ተቀምጬ ድንችና ሽንኩርት እሸጣለሁ ስል ለካ የተደረደርኩት እኔ ኖሬአለሁ። ገበያተኞቹ ድንቾችና ሽንኩርቶች ነበሩ። ዘንቢል አንጠልጥለው፣ ፀሐዩ በርትቶባቸው፣ እያማረሩ ይዞራሉ። እኔና የጉልት ጎረቤቴ ማንአህሎሽ ማዳበሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አንዲት ትልቅ ቀይ ሽንኩርት መጣችና ማንአህሎሽን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገቻት።

"ይቺ ለስልሳለች።"

"ኧረ ዛሬ ጠዋት የገባሁ ነኝ!" አለች ማንአህሎሽ። "ከላይ ነው እንጂ ከውስጥ ደህና ነኝ።"

"ሁሉም እንዲያ ይላል" አለች ሽንኩርቷ፤ ቢሆንም ዘንቢሏ ውስጥ አስገባቻት። ማንአህሎሽ ከዘንቢሉ አንገቷን ብቅ አድርጋ እጇን አውለበለበችልኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ሽንኩርቷ ወደ እኔ ዞረች። አገላበጠችኝ። ቀኝ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ቆየች።

"ይቺስ እንዴት ናት?"

"እሷን ተያት" አለ ከኋላዋ የቆመ ድንች። "ትጨነቃለች። ጭንቀታም ሰው ውሃ ያበዛል።"

ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? በየቀኑ የስንቱን ድንች ዓይን አይቼ ወደ ዳር እንደወረወርኩ ያኔ ነው የታሰበኝ። ሌላው ሲነሳ መቅረት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለካ አላውቅም ነበር።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ማዳበሪያው ሰሌዳ ሆነ። የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፌ ነበር። አራት ሰዎች ነን፤ በልብሳችን ጫፍ ጫፍ ስፒል ተወግቶብናል፣ አያምም። ወረቀቶች ከፊታችን ተሰልፈው ሰው ያነባሉ። የሚያነቡት ፈጥነው እያዩ ያልፋሉ፤ አንዳንዱም አዝኖ ይመለሳል። እኔ ፊት የደረሰው ወረቀት ግን ገና ተማሪ ነበር። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ዓመት ስለሆነ ገና ሲመጣ አወቅኩት። ጣቱን ግንባሬ ላይ አስቀምጦ እየጎተተ፣ አንድ አንድ ድምፅ እያወጣ፣ ላብ በላብ ሆነ።

"አይዞህ፣ ሰልፈኛውን አትይ" አልኩት። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምር።"

"እናት" አለ በመጨረሻ። "እናት ይላል።"

"ከሥሩስ?"

"ከሥሩ ብዙ ተጽፎ ነበር። ተሰርዟል።"

"ተሰርዞም ቢሆን ሞክረው እስቲ፣ ልጄ።"

ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል ነፋስ መጣና ወረቀቶቹን ሁሉ ወሰዳቸው። እየበረረ "ይቅርታ፣ እትዬ!" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ቤቴ ነበርኩ። በሩ ጀርባዬን ኳ ኳ አደረገኝና "እንግዶች አሉ" አለኝ። ዞር ስል ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጺማቸው እስከ ደረታቸው ነጭ ነው። ሴቶች ነበሩ። ከጋቢያቸው ሥር የኬንያ ማሊያ፣ ከእግራቸው ታኬታ አድርገዋል። ታላቋን ገና ሳያት አወቅኳት። ዋንጂሩ ትባላለች፣ 8 ቁጥር ናት። ረድኤት በስልኳ አሳይታኛለች። በር የምታህል ልጅ ናት፤ ሦስት ሰው ተንጠልጥሎባት ስትሮጥ አይቻለሁ።

በእኛ አገር ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ቁሞ ነው የሚናገር። እነዚህ ግን እንደገቡ ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ሦስቱም በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያዬን ያዩ ጀመር።

"ኧረ ተነሱ፣ ነውር ነው!" አልኩ።

"ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንነሳም" አለች ዋንጂሩ። "ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፣ እመቤት።"

"ለማን?"

"ለእሁድ።"

"ለጋብቻ ነው?"

"የለም። ለመጣል ነው። ጨዋ ሰው ሳይጠይቅ የሰው ልጅ አይጥልም።"

ይህ በጣም ልክ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች በመሆናቸው እንዲያውም አከበርኳቸው። ደንቡ የሚለውን መለስኩላቸው።

"እንግዲህ ዘመድ አዝማድ እናማክራለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።"

"ጨዋታው እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"እሱም እውነት ነው" አልኩ።

ሁለተኛዋ ሽማግሌ በሆዷ ተገልብጣ ከጋቢዋ ሥር ጠመኔ አወጣች። ወለሌ ላይ ሜዳውን ሣለች። ማንም ቡድን ለጠላት የማያሳየውን ሁሉ ዘረገፉልኝ።

"ከፊት ሁለት ከባዶች አሰልፈናል" አለች። "ሦስተኛዋ ጉልበቷን ስላመማት ቀይረናታል። አይዘኑ፣ የተተካችው ትብሳለች።"

"እሰይ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ።"

"የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈን እንገፋለን። ልጆቻችሁ ይደክማሉ። ሊረዳዱ ወደ መሃል ይሰበሰባሉ። ዳሩ ባዶ ይቀራል።"

"ያን ጊዜ ትሮጣላችሁ?"

"አንሮጥም። ኳሷን በእግር ወደ ሰማይ እንልካታለን። ኳሷ እስክትወርድ ዋንጂሩ ከሥር ትደርሳለች። ኳሷን ልትይዝ ቀና ያለችውን ልጅ..." አለችና ከዘራዋን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጋ አስተኛቻት።

"ኳሷ የት ነው የምትወርድ?" አልኩ።

"እሱን ነው ልንጠይቅ የመጣነው" አለች ዋንጂሩ። "በግራ ክንፋችሁ በኩል ነው ወይስ በቀኝ ክንፋችሁ? እናት እንደፈቀደች።"

ግራ ልል አፌን ከፈትኩ። ግራ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በግራ ክንፍ የምትሰለፈው ልጅም እናት አላት። እናቲቱ አመተማርያም ትባላለች፤ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊደል ትማራለች። እርሳሴ ሲሰበር የራሷን ለሁለት ቆርጣ የሰጠችኝ እሷ ናት። የእሷን ልጅ ጣሉ ብዬ ሰኞ ከጎኗ እንዴት እቀመጣለሁ? አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ዋንጂሩ አየችኝና ወሬ ቀየረች። "ረድኤት ግን የተባረከች ልጅ ናት አሉ።"

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ልጅ ሲመሰገን እሺ ብሎ መቀበል እኛ ዘንድ ነውር ነው። ዓይንም ይገባል። እናቴ እኔን የጠየቁ ሽማግሌዎች ሲያመሰግኑኝ "ምኗ ይጠየቃል? ወጥ አታውቅ፣ እንቅልፏ ከባድ" ብላ ነው የሰጠችኝ። አፌ በዚያው መንገድ ሄደ።

"ኧረ ተዉ፣ ምኗ ይመሰገናል!" አልኩ። "ገና ልጅ ናት።"

"ፈጣን ናት ይላሉ።"

"ምን ፈጣን! ጠዋት ስንት ጊዜ ቀስቅሻት ነው የምትነሳ።"

"ልበ ሙሉ ናት።"

"ድመት ትፈራለች እኮ!"

"ብርቱ ናት።"

"ምን ብርቱ! ያ ቀኝ ትከሻዋ እንኳ ገና..."

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሦስቱ ጺሞች ቀጥ አሉ። ዋንጂሩ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ጋቢዋን አራገፈች። ሌሎቹም ተነሱ። ጉዳያቸው ተፈጽሞ ነበር።

"እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እመቤት" አለችኝ ዝቅ ብላ ጉልበቴን እየሳመች። "ቀኝ።"

ሮጥኩ። ከመድረሳቸው በፊት ደርሼ ለቡድኑ መናገር ነበረብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ መሪ ነበረው። ሹፌሩ ከኋላ ወንበር ተጣቦ ተቀምጦ "ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!" ይላል፤ ማንም አይሰማውም። አሥራ ሁለታችንም ወደየፈለግንበት አዞርን። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ወደ መርካቶ ይነዳሉ፣ እኔ ወደ ጃንሜዳ እነዳለሁ፤ "ኧረ ቀስ ይበሉ፣ አባባ፣ ልጄን ሊጥሉብኝ ነው" ስላቸው "የኔንም ከጣሏት ቆዩ፣ ልጄ" አሉኝ። ሚኒባሱ ግራ ገባውና ቆመ። ደግነቱ ጃንሜዳ ራሱ ተነስቶ ወደ እኛ መጣ።

በጃንሜዳ ተመልካቾች ታኬታ አድርገው ሜዳ ላይ ያሟሙቃሉ። ተጫዋቾች ደግሞ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ዳር ተቀምጠው ይሳደባሉ። በአንድ ጥግ ረጅም ጠረጴዛ ነበረ። የእኛ ልጆች አሥራ አምስቱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው አሰልጣኝ ይመርጣሉ። አሰልጣኞች ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ተሰልፈዋል። አሰልጣኝ ሙሉሰው፣ የረድኤት እውነተኛ አሰልጣኝ፣ ከፊት ነበር። መሃል ላይ የተቀመጠችው ዳኛ ረድኤት ናት።

"ፊሽካ ንፋ" አለችው።

ነፋ።

"ሳንባው ደህና ነው" ብላ ጻፈች። "ኬንያዎች ኳሷን ወደ ሰማይ ቢልኩ ምን ታደርጋለህ?"

"እጸልያለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ልጆቹን እቆጣለሁ።"

"እስቲ ተቆጣ።"

ሙሉሰው ፊቱን አኮሳተረ፤ መልሶ ፈታው። "ዛሬ አልመጣ አለኝ" አለ። "ረዱ፣ ስለ ፈጠረሽ፣ አንድ ዕድል ስጪኝ። ዓመቱን ሙሉ ጠብቄአለሁ።"

"ቀጣይ!" አሉ አሥራ አምስቱ በአንድ ድምፅ። ሙሉሰው ቁጥሩን ከደረቱ እየላጠ፣ ጀርባውን አጉብጦ ሄደ። አንጀቴን በላው።

እኔ ግን ሰልፉን ጥሼ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። "ረዱ፣ ልጄ፣ አምልጦኝ ነገርኳቸው። በቀኝ ነው የሚመጡ!"

ቀና ብላ እንደማታውቀኝ አየችኝ። "እማማ፣ ወረፋ ይያዙ።"

ወረፋው ከኋላ ነበር የሚጀምረው። መጨረሻ ላይ ስቆም ወዲያው ተራዬ ደረሰ።

"ስም?"

"ይመኙሻል በላቸው።"

"ዕድሜ?"

"አርባ ዘጠኝ ይመስለኛል። ግን እኔ የመጣሁት ልነግራችሁ..."

"ቀኝ ክንፍ" ብላ ጻፈች።

"እኔ ተጫዋች አይደለሁም፣ ልጄ። እናት ነኝ።"

"ዛሬ የሚጫወቱት እናቶች ናቸው" አለች። ብዕሯን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ዓይኗ የልጄ ዓይን ሆነ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማዬ፣ ትከሻሽ እንዴት ነው?" አለችኝ።

ሃያ ዓመት የድንች ጆንያ የተሸከምኩበት ትከሻ ነው። ሲበርድ አያስተኛኝም፤ ጸጉሬን ስሠራ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ነው የማነሳው።

"ደህና ነው" አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣ። ዞር ብዬ ከኋላዬ የተሰለፉትን አየሁ። "ያመኛል" ብል ቦታዬን የሚይዙ ሃምሳ እናቶች ነበሩ፤ ሁሉም ትከሻቸውን ቀጥ አድርገው ቆመዋል። ሁሉም እንደሚያማቸው ደግሞ ከአቋቋማቸው ያስታውቃል። ማሊያ ሰጡኝ። ከነጠላዬ በላይ አጠለቅኩት። ቁጥሩ በጀርባዬ ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም፤ እጄን ወደ ኋላ ልኬ ዳሰስኩት። አንድ እና አራት ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ከፊታችን ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ከነከዘራቸው። ዋንጂሩ ኳሷን ይዛ ገፋች፣ ገፋች፣ የእኛ መሥመር ላይ ደርሳ ቆመች። አንድ እርምጃ ብትገባ ነጥብ ነው።

"እናንተ ቅደሙ" አለች።

"ኧረ በሥላሴ! እንግዳ አይደላችሁ? እናንተ ግቡ።"

"የሰው ቤት ቀድሞ አይገባም።"

"ሞቼ እገኛለሁ፣ ግቡ!"

"በልጆቼ፣ አንገባም!"

መሥመሩ ላይ አርባ ደቂቃ ተለማመጥን። ዳኛው መሃላችን ገብቶ "ስለ እግዚአብሔር አንዳችሁ ግቡ፣ መሸብኝ" እያለ አለቀሰ። ማንም አልገባም። በዚህ መካከል አመተማርያም፣ በግራ ክንፍ የቆመችው፣ ኳሷን ከዋንጂሩ እጅ በትሕትና ተቀብላ ሜዳውን አሻግራ ወረወረችልኝ።

ኳሷ እጄ ገባች። ሞቃ ነበር። ሮጥኩ።

በሕይወቴ የሮጥኩት ዝናብ ሲመጣ ድንች ልሸፍን፣ ልጅ ሲታመም ጤና ጣቢያ ልደርስ ነው። ወደ አንድ ነገር ሮጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ነው የምሸሸው። በሕልሜ ግን ሣሩ ወደ እግሬ ይመጣ ነበር። የነጠላዬ ጫፍ ከማሊያው ሥር ወጥቶ ከኋላዬ ይንሳፈፋል። ትከሻዬ ያመኛል፤ ያመኛል ግን የሌላ ሰው ትከሻ ይመስል ነበር። ማንም ከኋላዬ "ይመኙሻል፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?" አይለኝም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማንም አልነገረኝም።

ዳሩን አየሁ። ረድኤት ከመቀመጫዋ ተነስታለች። ቆሎዋ ተበትኗል። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ አንድ እጇን ራሷ ላይ ጭናለች፤ ልክ እኔ እሷን ሳይ የምሆነውን ሆናለች። ፊቷ አርጅቶ ነበር።

"ውጪ!" ትላለች። "እማዬ፣ ውጪ! ትከሻሽን ንገሪያቸው! ካልነገርሽ እኔ እነግራቸዋለሁ!"

እንዴት እንደተናደድኩ! አዘንኩላት፣ ደግሞም ተናደድኩ። እንባዋን እያየሁ ጠላኋት።

"ዝም በይ!" አልኳት። "በእኔ ሞት፣ እንዳትናገሪ!"

አፏን ያዘች። ዋንጂሩ ከመሥመሩ ዞረች። ጋቢዋን ጣለች፣ ከዘራዋን ጣለች፣ ጺሟን እንደ ሻሽ ፈትታ ለዳኛው አስያዘችው። ከሥር ያለችው የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ወደ እኔ መጣች። መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ይቅርታ፣ እመቤት!" አለች እየሮጠች። "እናት ፈቅዳለች!"

መቆም እችል ነበር። ኳሷን ጥዬ ዳር መውጣት እችል ነበር። ሁለቱንም አላሰብኩትም። ኳሷን በቀኝ ብብቴ አጥብቄ ያዝኩና ወደ እሷ ሮጥኩ። ትንፋሿን ሰማሁ፣ የጥርሷን ነጭ አየሁ...

ስልክ ጮኸ።

ዓይኔን ስገልጥ ፀሐዩ አልጋዬ ላይ ነበር። ረድኤት አጠገቤ ቆማ ስልኬን በግራ እጇ ዘርግታልኛለች። ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ "አሰልጣኝ ነው" አለችኝ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ ይመኙሻል" አለ ሙሉሰው። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ረድኤት ከአሥራ አምስቱ ገብታለች። በቀኝ ክንፍ ነው የማሰልፋት። ስሟን ከማውጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልምምድ ላይ የሰሞኑ ሩጫዋ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። የደበቀችኝ ሕመም አለ? ልጆቹ አይነግሩኝም፣ ለመሰለፍ ሲሉ ይሞታሉ። ለዚህ ነው እናት የምጠይቀው።"

ልጄን አየኋት። አልለመነችኝም። ቀኝ ክርኗን በግራ መዳፏ ደግፋ፣ ወለሉን እያየች ትጠብቃለች።

"ምንም የላትም" አልኩ። "ደህና ናት።"

"ተመስገን!" አለ። ሲተነፍስ ሰማሁት። "እንግዲያው ከሐሳብ ገላገሉኝ። ኬንያዎች በሙሉ ሩጫቸው የሚመጡት በቀኛችን በኩል ነው፤ እዚያ ረዳት ልመድብላት ነበር፣ አሁን ግን ትቼዋለሁ። ብቻዋን ትበቃቸዋለች።"